ቁጠባ በይፋት፦ ከአሞሌ ጨው እስከ ቅሬው ሣጥን

የተከበራችሁ የቅሬያችን አባላት፤ ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ስለ ሳህንና ስለ ወንበር መግዣ የተነሣው ክርክር እንቅልፍ ስለነሣኝ፣ አባቶቻችን ገንዘብ እንዴት ይቆጥቡ እንደነበረ ጥቂት ልጽፍ ወደድኩ። እኔ የተማርኩት እስከ 6ኛ ክፍል ነው። ዕድሜዬን ሁሉ ግን የመንግሥት መዝገብ ስጽፍ ስለኖርኩ፣ ስለ ገቢና ወጪ ትንሽ አውቃለሁ ብል ድፍረት አይሆንብኝም።

በዱሮ ዘመን በአገራችን ገንዘብ የሚባለው ጨው ነበር። አሞሌ ማለት ከአፋር በረሃ እየተጠረበ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ የሚወጣ የጨው ጡብ ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ፣ ማለትም ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ድረስ፣ ከአንኮበር በታች ባለችው በአልዩ አምባ አፋሩም አርጎባውም አማራውም ይገበያይ ነበር። ታዲያ አሞሌ እርጥበት አይችልም። ጥግ ጥጉ ከተሸረፈ ዋጋው ይወርዳል፤ ዝናብ ካገኘው ደግሞ ይሟሟል። ሀብቱ ክረምት ሲገባ የሚቀልጥበት ሰው ብዙ አከማችቶ ምን ሊሆን ነው? ለዕለቱ የሚበቃውን ይይዝና የተረፈውን በእህልና በከብት ይለውጠዋል።

ጠገራ ብር ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ይህ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝን ብር ነው። በየትኛውም ዓመት ቢመታ የሚጻፍበት 1780 የሚለው የፈረንጅ ቁጥር ነው፤ ይኸውም ንግሥቲቱ የሞተችበት ዓመት ነው። ሰዉ ግን የሚያየው ቁጥሩን አልነበረም፤ በምስሉ ላይ ያሉትን የዕንቁ ነጠብጣቦች እየቆጠረ ነበር የሚቀበለው። ጠገራ አይሟሟም፣ አይበሰብስም። ስለዚህ ሰዎች መሬት እየቆፈሩ ቀበሩት፤ ሴቶችም አስቀልጠው ጌጥ አሠሩበት። በ1937 ዓ.ም. የወረቀቱ ብር ከወጣ በኋላ እንኳ ሽማግሌዎቹ በወረቀት ቶሎ አላመኑም።

ያመነው ሰው ደግሞ ምን እንዳገኘው ከቤቴ ልንገራችሁ። ጥቅምት 1969 ዓ.ም. ደርግ የብር ኖት ሲለውጥ እኔ የ17 ዓመት ልጅ ነበርኩ። የመለወጫው ጊዜ ተነግሮ፣ ሰዉ ተሰልፎ ለወጠ። አያቴን «እማማ፣ ያለሽ ካለ ስጪኝና ልለውጥልሽ» ብዬ ብለምናት፣ «ልጄ፣ እኔ ከየት አምጥቼ?» አለችኝ። በ1971 ዓ.ም. ስትሞት መደቡን ብናፈርስ፣ በማሰሮ ውስጥ የንጉሡ ምስል ያለበት 85 ብር ተጠቅልሎ ተገኘ። ቅቤ ሳትቀባ፣ ነጠላ ሳትለውጥ ያጠራቀመችው ነው እኮ! ለልጆች መጫወቻ ሆነ። የቀበራት ቅሬው ነው፤ በየወሩ ሳታጓድል የከፈለቻት ሳንቲም ብቻ ሥራ ላይ ዋለች።

ከብት ይሻላል የሚል ነበር። የ1977ቱ ድርቅ ለዚያም መልስ ሰጠው፤ በየመንገዱ የወደቀውን ያየ ያውቀዋል።

እኔ ሥራ ስይዝ ደመወዜ ትንሽ ነበርና፣ ከእያንዳንዱ ወር ገቢ ላይ በመጀመሪያ የቅሬውን፣ ቀጥሎ የእቁቡን አነሣና የቀረውን በደብተር እየጻፍኩ እበላ ነበር። እንደ ሞኝ የሚያዩኝ ነበሩ። በቅርቡ ልጄ ስትነግረኝ ግን፣ ሃኒ ሞቶኮ የምትባል የጃፓን ጋዜጠኛ በፈረንጆች 1904 የቤት ወጪ መመዝገቢያ ደብተር አውጥታ፣ ጃፓኖች እስካሁን ይጽፉበታል አሉ። ዛሬ ወጣቶቹ ዕቃ ቀንሶ መኖር የሚሉትንም እንደ አዲስ ነገር ነው የሚያወሩት። የእኛ እናቶች አንድ ድስትና ሁለት ጣሳ ይዘው ስንቱን አሳደጉ!

ወደ ቅሬያችን ልመለስ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ ሁላችንም የያዝነውን ይዘን ወደ ደብረ ብርሃን ወጣን። እኔ የያዝኩት መዝገቡን ነው፤ በጋቢ ጠቅልዬ። ስንመለስ ድንኳኑም ድስቱም ሳህኑም አልነበረም። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ስንት ሰው እንደቀበርን ታስታውሳላችሁ። በዶማ፣ በአካፋ፣ በቃሬዛና በመግነዣ ጨርቅ ቀበርን። ለቀስተኛው ዛፍ ሥር ተቀመጠ፤ ከየቤቱ ነፍሮና ውኃ መጣ። ክርስቲያኑም እስላሙም በዚሁ ተሸኘ፤ ያለ ሳህን ቀረ የተባለ ሬሳ የለም። ለተዝካርና ለሰደቃ ብሎ በሬ የሸጠም በዚያ ዓመት አላየሁም። መዝገቡ ስለተረፈ ግን ማን እንደከፈለ፣ ማን እንደቀረበት ጭቅጭቅ አልተነሣም።

ወንበር ይገዛ የሚሉት ወገኖች ምክንያት የላቸውም አልልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን 74 ብር አለፈ። ባንክ የተቀመጠው ገንዘባችን ቁጥሩ ባይቀንስም የሚገዛው አነሰ፤ እንደ አሞሌው ነው። «ገንዘቡ ከሚሟሟ ዕቃ ይሁን» ማለታቸው ከዚህ የመጣ ነው። ነገር ግን ዕቃውም ሲሄድ አይተናል።

የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው፤ አንድ ጠንካራ ሸራና መቆፈሪያ እንግዛ፤ ለድንገተኛ ቀብር የሚሆነው ባንክ ይቀመጥ፤ ወርኃዊ መዋጮው በየዓመቱ ከገበያው ጋር እየታየ ይስተካከል፤ ሳህኑ ይቅር፣ ሰው ከየቤቱ ያምጣ። ሣጥኑም እንደ ጥንቱ በሦስት ሰው ቁልፍ ይከፈት።

መዝገቡ አሁንም እኔ ዘንድ ነው። ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት የ2014ቱን ገጽ ማየት የምትፈልጉ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቴ ብትመጡ ታገኙኛላችሁ።