ፊደል ቀናሹ ማሽን አይደለም

ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ አይቀነሱ የሚለው ክርክር በምሁሮቻችን መካከል ረጅም ዘመን የዘለቀ ነው። ትናንት ምክንያቱ የጽሕፈት መኪና ነበር፤ ዛሬ ደግሞ «አንድ ቃል በብዙ መልክ ሲጻፍ ኮምፒዩተር ፈልጎ አያገኘውም» ይባላል።

እኔም ይህንን አምኜ በአንድ የቆየ ጽሑፍ ውስጥ «ሠ»ን በሙሉ በ«ሰ» ለወጥኩ። አንድ ሴኮንድ አልፈጀም። «ሠረቀ ፀሐይ»፣ ማለትም ፀሐይ ወጣች፣ የሚለው ግእዝ «ሰረቀ ፀሐይ» ሆነና ፀሐይን ሌባ አደረግኋት! ፋይሉን አስቀምጬ ከዘጋሁ በኋላ መመለሻ አልነበረም፤ የትኛው «ሰ» ቀድሞ «ሠ» እንደነበር ማሽኑ አያውቅምና።

መፍትሔው ግን ከተገኘ ቆይቷል። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ስቲቨን ክሊኒ እ.ኤ.አ. በ1951 የነደፈውን «ሬጉላር ኤክስፕሬሽን» ኬን ቶምሰን በ1968 ለጽሑፍ ፍለጋ አዋለው። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ ከገባ ወዲህ ለእኛም ይሠራል። ሊብሬኦፊስ ላይ ይህን የፍለጋ ስልት መርጦ [ፀጸ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ ብሎ መጻፍ የ«ፀሐይ»ን 12 አጻጻፎች ባንዴ ያወጣል፤ በየቅንፉ ካሉት ፊደላት ማናቸውንም ተቀበል ማለት ነው። አንድም ፊደል አይጠፋም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ይቀነሱ የሚል ሰው በቋንቋ ምክንያት ይሟገት። በማሽን ግን አያመካኝ፤ ማሽኑ ሁሉንም መሸከም ይችላል።