ዴኩን ላሠራው ወይስ ልለውጠው?

ጎጃም በረንዳ ባለው ቤታችን፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ እናቴ በሠራችው ዳንቴል የተሸፈነ አንድ የቪዲዮ ዴክ አለ። በ1985 ዓ.ም. ከጅዳ የተመለሰች ዘመዳችን ይዛው መጥታ አባቴ የገዛት ነው። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ካሴት ይውጣል እንጂ አያጫውትም፤ ጥቂት ያጉረመርምና መልሶ ይተፋዋል። እህቴ «ወንድምጋሼ፣ ይህን ቆርቆሮ ለምን ምናለሽ ተራ ወስደህ አትገላገለውም? አሁን እኮ ሪሲቨሩ ራሱ ፍላሽ ሲሰካበት ይቀዳል» ትለኛለች። ነገሯ እውነት ነው። ቢሆንም ወራት ሙሉ አመነታሁ። ማመንታቴ ስለ አንድ ዕቃ ብቻ አለመሆኑ የገባኝ የመሣሪያውን ታሪክ ማገላበጥ ስጀምር ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በዘውድ በዓል ዕለት ነበር። ያኔ ተመልካች ማለት የተሰጠውን በተሰጠው ሰዓት የሚቀበል ሰው ነው። ያመለጠው አመለጠው፤ የተጠራጠረውን መልሶ ማየት አይችልም። ይህ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ ለመረዳት አንድ ምሽት ማስታወስ ይበቃል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው፣ ደርግ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራውን ፊልም በቴሌቪዥን አሳየ። ፊልሙ በብሪታንያ ከታየ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር። አዲስ አበባ ላይ የታየው ግን እንዳለ አልነበረም፤ በረሃብተኞቹ ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ግብርና ድግስ እየተሰካ በአዲስ መልክ የተቀናበረ ነው። ረሃቡ እውነት ነው፤ ድግሱም እውነት ነው፤ አጣምሮ የሰፋቸው ግን የአንድ ወገን መቀስ ነው። በማግስቱ ሥርዓቱ ወደቀ። ያን ምሽት ያየ ሰው «እስቲ መልሱልኝ፣ ይህ ከየት ተቆርጦ መጣ?» ማለት የሚችልበት መሣሪያ በእጁ አልነበረም።

የሚገርመው፣ ሶኒ ቤታማክስ የተባለውን መቅጃ ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያቀረበው በዚያው በእኛ 1967 ዓ.ም.፣ በግንቦት ወር ነው። በ1969 መጀመሪያ ደግሞ የጄቪሲ ኩባንያ ቪኤችኤስ ተከተለ። የመጀመሪያው የቤታማክስ ካሴት የሚይዘው አንድ ሰዓት ሲሆን የቪኤችኤስ ሁለት ሰዓት ነበር፤ አንድ ሙሉ ፊልም ለመያዝ ደግሞ አንድ ሰዓት አይበቃም። የሆሊውድ ባለ ፊልሞች ሶኒን ከሰሱ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1984፣ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ፣ ሰው በቤቱ ከቴሌቪዥን ቀድቶ በሚመቸው ሰዓት ቢያይ ሕግ አልጣሰም ሲል ወሰነ። አንድ ዳኛ ሐሳቡን ቢለውጥ ኖሮ የአባቴ ዴክ ምን ዓይነት ዕቃ ይሆን ነበር እያልኩ አስባለሁ።

እኛ ዘንድ የቀለም ቴሌቪዥን የመጣው በ1976 ዓ.ም. ማለቂያ፣ ኢሠፓ ሲመሠረትና አብዮቱ 10ኛ ዓመቱን ሲያከብር ነው። ዴክ በየቤቱ የገባው ደግሞ ከባሕር ማዶ በሚመለሱ ሰዎች ሻንጣ ነበር። እዚህ ላይ የዘመኑን ጣጣ የሚያውቅ አንባቢ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የእኛ ቴሌቪዥን ይሠራ የነበረው ፓል በሚባለው ሥርዓት ነው፤ ምስሉ 625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ሥዕል። የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ 525 መስመርና 30 ሥዕል ነው። ስለዚህ ከዋሽንግተን የተላከ የሰርግ ካሴት በጉጉት ተከፍቶ ሙሽራዋ ቀለም አልባ ሆና ስትንቀጠቀጥ የታየበት ቤት ብዙ ነው። መድኃኒቱ ሁለቱንም የሚያነብ «መልቲ ሲስተም» ዴክ መግዛት ነበር። ዴኩ ራሱ ከአሜሪካ ከመጣ ደግሞ 110 ቮልት ነውና ያለ ትራንስፎርመር የሰካው ሰው ጭስ ይታቀፋል። የስደት ናፍቆት ስንት ዓይነት ቴክኒክ እንደሚጠይቅ ያስተማረን ይህ ዕቃ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልግባ። በቤታችን ካሉት ካሴቶች አንዱ የአክስቴ የ1989 ዓ.ም. ሰርግ ነው። በዚያ ሰርግ ላይ አያቴ ከደብረ ማርቆስ መጥተው ነበር፤ ከጎጃም የሚመጣ እንግዳ ሁሉ የሚያርፍበት ሰፈር ነውና ድንኳናችን በአገር ሰው ተሞልቶ ነበር ይባላል። አያቴ ሙሽሮቹን ሲመርቁ ካሜራው ፊታቸው ላይ ቆሟል። ከዚያ ሌላ የአያቴ ድምፅ የተቀዳበት ነገር የለንም።

መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ የደመራ ዋዜማ ነበር። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በሲድኒ ኦሎምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ላይ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በዚያ ቀን ነው። 25 ዙር ከሮጡ በኋላ የተለያዩት በ0.09 ሰከንድ ነው፤ በዚያው ኦሎምፒክ የ100 ሜትር ወንዶች አንደኛና ሁለተኛ እንኳ በ0.12 ሰከንድ ነው የተራራቁት። አሰፋ መዝገቡ ሦስተኛ ወጣ። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ማታ ሩጫው ሲደገም አባቴ ባዶ ካሴት ፈለገ፤ አጣ። እጁ ላይ የገባውን፣ እስከ መካከሉ ታይቶ ያልተጠቀለለ ካሴት አስገባና ቀዪዋን ቁልፍ ተጫነ። የሰርጉ ካሴት ነበር።

ካሴት ሁሉ ጀርባው ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ አለችው። ከተሰበረች ዴኩ በላዩ አይቀዳም፤ ሐሳቡን የለወጠ ሰው ቀዳዳውን በፕላስተር ይሸፍናል። የሰርጉን ካሴት ምላስ የሰበረው አልነበረም። እናቴ ያን ሌሊት ምን እንዳለች እዚህ አልጽፍም።

አባቴን ግን ዛሬ አልፈርድበትም። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ፣ ሰው መጀመሪያ ጨረቃ ላይ የረገጠበትን ምስል የያዙት ዋነኛ ቴፖች ተደምስሰው ለሌላ ሥራ ሳይውሉ እንዳልቀሩ እ.ኤ.አ. በ2009 አስታውቋል። ምክንያቱ የአባቴው ነው፤ ባዶ ቴፕ እጥረት። በተቃራኒው ፊላዴልፊያ ውስጥ ሜሪየን ስቶክስ የተባለች የቀድሞ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ከ30 ዓመት በላይ፣ እስከ ዕለተ ሞቷ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2012 ድረስ፣ ዜና ስትቀዳ ኖራ 70 ሺህ ያህል ካሴት ትታ ሄደች። እርሷ ምንም አልመረጠችም፤ ሁሉን አስቀረች። ድሃ ቤት ግን አንዱን ለማስቀረት አንዱን ይደመስሳል። አባቴ ያን ማታ በኃይሌና በአያቴ መካከል መምረጡን እንኳ አላወቀም።

አዲሱን መሣሪያ እንመዝነው ካልን፣ አንዳንድ ሪሲቨሮች የሚቀዱትን ፍላሹ ላይ ቆልፈው ነው የሚያስቀምጡት፤ ፍላሹን ነቅላችሁ ሌላ ሪሲቨር ላይ ብትሰኩት አይከፈትም። ሪሲቨሩ የሞተ ዕለት የተቀዳውም አብሮ ይሞታል። ካሴት ቢያንስ ጎረቤት ተበድሮ ያየዋል። ዴክ ግን ከእንግዲህ አይሠራም፤ የመጨረሻው አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 አቁሟል። ለማቆሙ የሰጠው ምክንያት መለዋወጫ ማጣቱን ይጨምራል። ካሴቱን ወደ ፍላሽ አስገልብጬ ዴኩን ልጣለው ብል እንኳ ለመገልበጥ መጀመሪያ የሚሠራ ዴክ ያስፈልጋል። ክርክሬ እዚህ ላይ አበቃና ዳንቴሉን አንሥቼ ዴኩን በፌስታል ጠቀለልኩት።

ከሰፈራችን ብዙም በማይርቅ ጠባብ ሱቅ ውስጥ አንድ አዛውንት ጠጋኝ አሉ። ክዳኑን ፈቱት። «ልጄ፣ ሄዱ ደህና ነው፤ ቺንጊያው ነው የላላው» አሉኝ። ሄድ የሚሉት 12.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ቴፕ ላይ በደቂቃ 1,500 ጊዜ እየተሽከረከረ ምስሉን በሰያፍ የሚያነበውን ከበሮ ነው። ከሌላ የሞተ ዴክ ላስቲክ ነቅለው አጠለቁለት፤ ከበሮውን በአልኮል አበሱት። ካሴቱን ሰጠኋቸው።

ኃይሌ መስመሩን አለፈ። የሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ሲያበቃ ምስሉ ተናወጠ፣ በነጭ ጭረት ተሞላ፤ ከዚያ ድንኳኑ መጣ። አያቴ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ምርቃቱ ከመካከል ነው የጀመረው፤ «ውለዱ» የሚለው ከሩጫው ሥር ቀርቷል። «...ክበዱ» አሉ አያቴ። «አሜን» አለ ድንኳኑ ሙሉ። ጠጋኙም ሳያስቡት «አሜን» አሉ።

«ወደ ፍላሽ ስገለብጠው ሩጫውን ልቁረጠውና ሰርጉ ብቻውን ይሁን?» ብለው ጠየቁኝ።

«አይ ጋሼ፤ እንዳለ ይገልብጡት» አልኳቸው። ካሴቱ ሲወጣ መፍቻቸውን ተዋስኩና ጀርባው ላይ ያለችውን ምላስ ሰበርኳት።