በፓስፖርት ላይ የተጻፈ መኪና

በ1960ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከኢስታንቡል ሲርኬጂ ጣቢያ ወደ ምዕራብ ጀርመን ይሳፈሩ የነበሩ ቱርካውያን ሠራተኞች ንብረታቸው አንድ ሻንጣ ነበር። ቀንና ሌሊት ተጉዘው ሙኒክ ዋና ባቡር ጣቢያ፣ 11ኛው ሐዲድ ላይ ይወርዳሉ። ከዚያም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን መሸሸጊያ ወደነበረው ምድር ቤት ገብተው ስማቸው እየተጠራ ለየፋብሪካው ይከፋፈላሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለዕረፍት አገራቸው ሲገቡ ግን ብዙዎቹ የመጡት በባቡር አልነበረም። የራሳቸውን መኪና እየነዱ ነበር።

ሁለቱ መንግሥታት የሠራተኛ ስምምነቱን የተፈራረሙት ኦክቶበር 30 ቀን 1961 ነው። በነዳጅ ቀውሱ ወቅት፣ በኖቬምበር 1973፣ ጀርመን ምልመላውን እስካቆመች ድረስ ከ800 ሺሕ በላይ ሰው በዚህ መንገድ ሄዷል። የሁሉም ሐሳብ ተመሳሳይ ነበር፤ ጥቂት ዓመት ሠርቶ፣ ገንዘብ አጠራቅሞ መመለስ። መሬት መግዛትና ቤት መሥራት ጊዜ ይፈልጋል። መኪና ግን ከጥቂት ዓመት ደመወዝ በኋላ እጅ ይገባል። መንደሩ ድረስም ተነድቶ ይሄዳል፤ ዘመድ አዝማድ በዓይኑ ያየዋል።

የዚያ ዘመን ቱርክ የራሷን ኢንዱስትሪ ለመገንባት ከውጭ ለሚመጣ መኪና በሯን የዘጋች አገር ነበረች። ከ1966 ጀምሮ የፋይበር አካል ያለው አናዶል ይመረት ነበር። በ1971 ደግሞ ቡርሳ ላይ ቶፋሽ በፊያት ፈቃድ ሙራት 124ን፣ ኦያክ ሬኖ ደግሞ ሬኖ 12ን መገጣጠም ጀመሩ። ወረፋው ረጅም፣ ዋጋውም ከባድ ነበር። ጀርመን ውስጥ ያገለገለ ኦፔል ወይም ፎርድ ታውነስ ከአንድ ማሽን ሠራተኛ አቅም በላይ አልነበረም። አናቶሊያ ገጠር ሲደርስ ግን የትልቅ ሰው መኪና ይሆናል።

ቱርክ የውጭ ምንዛሪ ችግር ስለነበረባት ሠራተኞቿ በውጭ ያፈሩትን ገንዘብ ትፈልገዋለች። ገንዘቡ መኪና ሆኖ እንዲመጣ ግን አትፈልግም። ስለዚህ ሁለት መንገድ አበጀች። አንደኛው የኢትዮጵያ አስመጪዎች ፍራንኮ ቫሉታ ከሚሉት ጋር አንድ ነው፤ ሠራተኛው ባንክን ምንዛሪ ሳይጠይቅ በውጭ ባፈራው ገንዘብ የገዛውን መኪና፣ ቀረጡን ከፍሎ ያስገባል። ቀረጡ ከባድ ስለነበር ብዙው ሰው የተጠቀመበት ሁለተኛው መንገድ ነው። ለዕረፍት የመጣ ሠራተኛ በጀርመን ታርጋ፣ ያለ ቀረጥ፣ ለተወሰነ ጊዜ መኪናውን ይዞ ይገባል። በቡልጋሪያ ድንበር ካፒኩሌ ኬላ ላይ ያለው የጉምሩክ ሹም ግን የመኪናውን መለያ በባለቤቱ ፓስፖርት ላይ ያሰፍራል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰውየው ያለ መኪናው ከአገር መውጣት አይችልም። ሸጦ በአውሮፕላን ልመለስ ቢል አይሆንም። ቢጋጭና ከጥቅም ውጭ ቢሆን እንኳ ከጉምሩክ ጋር ጉዳዩን ሳይጨርስ አይሄድም።

የዚህ ታሪክ እምብርት ያለው እዚህ ላይ ነው። ያ ሠራተኛ በጀርመን ሕግ ጊዜያዊ እንግዳ ነበር፤ መኪናው ደግሞ በቱርክ ሕግ ጊዜያዊ እንግዳ። ሁለቱም የመመለሻ ቀን ተቆርጦላቸው ነበር የሚንቀሳቀሱት።

መንገዱ ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። ከሙኒክ ኢስታንቡል 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በኦስትሪያ ተራሮች አልፎ ዩጎዝላቪያን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጥና በቡልጋሪያ በኩል ኤዲርኔ ይደርሳል። ተጓዦቹ ኢ 5 ይሉት ነበር። የዩጎዝላቪያውን ክፍል የወጣት ብርጌዶች ከ1948 ጀምረው የሠሩት ሲሆን ስሙም የወንድማማችነትና የአንድነት መንገድ ነበር። ብዙው ቦታ መሀል ላይ መለያ የሌለው፣ ለመሄጃ አንድ ለመምጫ አንድ መስመር ብቻ ያለው ነበር። ፖርቶ መጋላው ላይ ማቀዝቀዣ፣ ምንጣፍና ቴሌቪዥን በሸራ ተሸፍኖ ይታሰራል፤ ውስጥ ልጆች ተደራርበው ይተኛሉ። አባት ከዕረፍቱ አንድ ቀን እንኳ እንዳይባክንበት ሳያንቀላፋ ለመንዳት ይታገላል። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ዓመት ያልሞላው ብዙ ነበር። በየበጋው በዚያ መንገድ የረገፈው ሰው ከአደጋ ዜና ባለፈ ሊታሰብ የሚገባው ነው፤ ብዙዎቹ የሞቱት እናታቸውን ለማየት ሲቸኩሉ ነበርና።

በኦገስት 1973 ኮሎኝ የሚገኘው የፎርድ ፋብሪካ ከበጋ ዕረፍት ዘግይተው የተመለሱ 300 ያህል ቱርካውያንን ያለ ማስጠንቀቂያ አባረረ። ባልደረቦቻቸው ማሽን አቁመው ግቢውን ያዙ። የሠራተኞች ማኅበሩ ያልጠራው አድማ ስለነበር ከጀርመን ሠራተኞች ብዙዎቹ አልተባበሩም፤ ከአንድ ሳምንት በኋላም በፖሊስ ተበተነ። በጊዜው የነበሩ አንዳንድ ጋዜጦች ጉዳዩን የሥርዓት አልበኝነት አድርገው አቀረቡት። መንገዱን ለሚያውቅ ሰው ግን የዘገዩበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከአራት ሳምንት ዕረፍት ላይ የመሄጃና የመምጫው ቀናት፣ የየኬላው ሰልፍና የመኪናው ብልሽት ሲቀነስ ለቤተሰብ የሚተርፈው ትንሽ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ከነዚያ መኪናዎች ብዙዎቹ እዚያው ፋብሪካ ውስጥ፣ በእነሱ እጅ የተገጣጠሙ መሆናቸው ነው።

ደራሲዋ አዳሌት አኣኦሉ በ1976 ባሳተመችው ልብ ወለድ ይህን ሕይወት ከውስጥ አይታዋለች። ባይራም የሚባለው ሠራተኛ የማር ቀለም ባለው መርሴዲሱ ከኬላው ተነሥቶ ወደ ትውልድ መንደሩ ይነዳል። ለመኪናው ሲል የከዳቸው ሰዎች ትዝታ አብሮት ይጓዛል፤ በየመንገዱም መኪናው እየተጫረና እየተጎዳ ይሄዳል። ቱንች ኦካን በ1992 «ቢጫው መርሴዲስ» በሚል ርእስ ፊልም ሠራበት።

በ1983 መጨረሻ ጀርመን ለመመለስ የሚፈልጉ ሥራ ያጡ የውጭ ሠራተኞችን የሚመለከት ሕግ አወጣች። 10,500 ማርክ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ደግሞ 1,500 ማርክ ትሰጣለች። ቅድመ ሁኔታው ከነቤተሰብ ለዘለቄታው መውጣት ነበር። ብዙው ሰው ያንን ገንዘብ የሚያገኝበትን መስፈርት ባያሟላም፣ የከፈለውን የጡረታ መዋጮ ተቀብሎ ሄደ፤ አሠሪው የከፈለው ድርሻ ግን እዚያው ቀረ። ሕጉ በወጣበት ዓመትና በሚቀጥለው ዓመት ከ200 ሺሕ የሚበልጡ ቱርካውያን ጀርመንን ለቀቁ። ኢ 5 ላይ በዚያ ወቅት የታየው ጭነት የዕረፍት ጭነት አልነበረም፤ አልጋና ቁም ሳጥን፣ የልብስ ማጠቢያ፣ የልጆች ብስክሌት ነበር። ከኋላ ወንበር የተቀመጡት ልጆች ብዙዎቹ ጀርመን የተወለዱ ናቸው። «ወደ አገራችን እንመለሳለን» ሲባሉ የሚያውቁት ለበጋ የሚመጡበትን መንደር ብቻ ነበር። አዲሱ ትምህርት ቤታቸው ውስጥም ጀርመኖቹ እየተባሉ ተለይተው ይጠሩ ነበር።

በ1991 የዩጎዝላቪያ ጦርነት ሲፈነዳ መንገዱ ተዘጋ። ተጓዡ በሃንጋሪና በሩማንያ በኩል ዞረ፣ ወይም ከጣሊያን ወደቦች መኪናውን መርከብ ላይ ጭኖ ሄደ። አውሮፕላንም እየረከሰ መጣ። ቱርክ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር የጉምሩክ አንድነቱን በ1996 ስትጀምር አዲስ የአውሮፓ መኪና ኢስታንቡል ውስጥ መግዛት ቀላል ሆነ። በጀርመን ታርጋ መኪና ይዞ ለተወሰነ ጊዜ የመግባቱ መብት ግን አሁንም አለ፤ በየሐምሌው ካፒኩሌ ላይ ሰልፉ ይረዝማል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በፋብሪካዎቹ በኩል ነው። ለብዙ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ የሚበቃ ስለነበር በዚያ መንገድ እጅግ ከሚወደዱት መኪናዎች አንዱ ፎርድ ትራንዚት ነበር። ፎርድ በ2013 እንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን የነበረውን የትራንዚት ፋብሪካውን ሲዘጋ ሥራው ወደ ቱርክ፣ ወደ ኮጃኤሊ ተዛወረ። ዛሬ ኮሎኝ ጎዳናዎች ላይ ዕቃ የሚያመላልሱ ትራንዚቶች የሚመጡት ከዚያ ነው።