ክ-ት-ብ፦ ከአንገት ክታብ እስከ ናይሮቢ «ካቲባ»

ናይሮቢ የገባ ሐበሻ «ኪታቡ» ሲባል ከሰማ፣ መጽሐፍ ማለት እንደሆነ ለመገመት አይቸገርም። የቃሉ አጥንት ክ፣ ት፣ ብ ነው፤ ፍቺውም መጻፍ። ስዋሂሊ ከዐረብኛ ተውሶ ቤተ መጻሕፍትን «ማክታባ»፣ ጸሐፊን «ካቲቡ»፣ ሕገ መንግሥትን «ካቲባ» ይላል። በ2010 እ.ኤ.አ. በናይሮቢው ኡሁሩ ፓርክ የታወጀውም «ካቲባ» ነው። «ኪታቡ» ሲበዛ ደግሞ «ቪታቡ» ይሆናል፤ ስዋሂሊ የተዋሰውን ቃል በራሱ ሰዋስው ገርቶታል።

በእኛም ቤት በቆዳ ተሰፍቶ ከአንገት የሚንጠለጠለው ጽሑፍ «ክታብ»፣ ከበሽታ የሚከላከለው ደግሞ «ክትባት» ነው። የጎረቤት ቋንቋ ስትማሩ እንግዲህ መጀመሪያ ተነባቢዎቹን አዳምጡ፤ አንዳንዱን ቃል ከቤታችሁ ይዛችሁት መጥታችኋል።