የሕሙማንን ሙቀት የመለካት ጥንተ ነገር

የሰው ገላ መጋልና መቀዝቀዝ የደዌ ምልክት መሆኑን ለማወቅ የጥንት ሰዎች መሣሪያ አላስፈለጋቸውም፤ እናት የልጇን ግንባር ዳስሳ፣ ሐኪምም መዳፉን በድውዩ ደረት ላይ አሳርፎ፣ ትኩሳት አለው ወይም ለቆታል ብለው ይፈርዱ ነበር። ይሁን እንጂ ዳሳሹ ራሱ የራሱ ሙቀት ያለው ፍጡር ስለ ሆነ፣ ከውርጭ የገባ ሰው ጤነኛውን ሁሉ ትኩሳታም አድርጎ ይቈጥራል፤ ትናንት የዳሰሰውን ከዛሬው ጋራ የሚያነጻጽርበትም ምስክር በእጁ የለም። ስለዚህ ከመዳፍ ወደ ቍጥር መሻገር ግድ ሆነ፤ ቍጥሩ ከተገኘ በኋላ ግን ቍጥሩን በእውነት የሚያነብ ሰው ማግኘት ሌላ ረጅም ታሪክ ጠየቀ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በኢጣልያ አገር በፓዱዋ ያስተምር የነበረው ሊቅ ሳንቶርዮ፣ አየር በሞላው የብርጭቆ ቱቦ ላይ የልክ ምልክት አድርጎ፣ ሕሙማን ጫፉን በአፋቸው እንዲይዙት አደረገ፤ ነገር ግን ያ መሣሪያ ከገላ ሙቀት ሌላ የአየርን ግፊት ጭምር ይከተል ስለ ነበር የታመነ አልሆነም። በ1714 ፋራናይት ባዜቃን፣ ዛሬ ሜርኩሪ የምንለውን፣ በቱቦ ውስጥ አሽጎ አስተማማኙን ቴርሞሜትር ሠራ፤ በ1742 ደግሞ ስዊድናዊው ሴልሺየስ በስሙ የሚጠራውን የመቶ ዲግሪ ልክ አወጣ። ከዚያ በኋላ በቪየና ዴ ሀየን የተባለው ሐኪም፣ በብርድ ብርድ እየተንቀጠቀጠ ጥርሱ የሚንገጫገጭ በሽተኛ በዚያው ሰዓት ባዜቃው ከፍ ብሎ እንደሚያሳይ አስተዋለ፤ በዚህም የድውዩ የራሱ ስሜት እንኳ ስለ ሙቀቱ የሚሰጠው ምስክርነት ሐሰት ሊሆን እንደሚችል ታወቀ።

ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላም ከመቶ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ አለፈ እንጂ ቴርሞሜትር የሆስፒታል የዘወትር ዕቃ አልሆነም። የዚህንም ምክንያት በግልጽ የሚያሳየን የላይፕሲሹ ፕሮፌሰር ካርል ቩንደርሊኽ ሥራ ነው። ይህ ሰው በ1868 ባሳተመው መጽሐፉ፣ 25,000 ከሚያህሉ ሕሙማን የተሰበሰበ ከአንድ ሚሊዮን የበለጠ ልኬት መርምሮ፣ የጤነኛ ሰው አማካይ ሙቀት 37 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆኑን፣ ትኩሳትም ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን የበሽታ ምልክት መሆኑን አስተማረ። የአንጀት ተስቦ ትኩሳቱ ደረጃ በደረጃ እንደሚወጣ፣ የሳንባ ምች በድንገት እንደሚወርድ፣ ወባም ቀን እየለየ እንደሚነሣ፣ እያንዳንዱ ደዌ በሠንጠረዥ ላይ የራሱን መስመር እንደሚጽፍ አሳየ። ነገር ግን መሣሪያው አንድ ጫማ ያህል የሚረዝም ሆኖ፣ በብብት ውስጥ እስከ 20 ደቂቃ መቈየት ነበረበት። ሠላሳ ሕሙማን በተኙበት ክፍል በቀን ሁለት ጊዜ ለመለካት ቢታሰብ፣ ሥራው ብቻውን 20 ሰዓት ይፈጃል። እንዲህ ያለውን ልፋት አንድ ሐኪም ሊሸከመው ስለማይችል፣ መለኪያው ከሊቁ እጅ ወደ አስታማሚዎች እጅ መተላለፉ የማይቀር ነበር።

መተላለፉን ያፋጠነው እንግሊዛዊው ሐኪም ክሊፎርድ ኦልበት ነው፤ እርሱ በ1867 ገደማ በሊድስ ከተማ ያሠራው ቴርሞሜትር ስድስት ኢንች ብቻ የሚረዝም፣ በኪስ የሚያዝ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥም ልኩን የሚያሳይ ነበር። ጊዜውም ምቹ ነበር፤ ፍሎሬንስ ናይቲንጌል በ1860 በለንደን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል በመሠረተችው ትምህርት ቤት፣ በሽተኛን በጽሙና መመልከትና ያዩትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ መናገር ከነርስ ግዴታዎች ሁሉ ዋነኛው ሆኖ ይሰጥ ነበርና። ነገር ግን መሣሪያው ባጠረ ቍጥር ስሕተት የሚገባበት ቀዳዳ አልጠበበም። በመስተዋቱ አንገት ላይ የተደረገው ጥበት ባዜቃው ከወጣበት እንዳይወርድ ስለሚይዘው፣ ነርስዋ አራግፋ ሳታወርደው ለሌላ ሰው ብታደርገው፣ የቀድሞውን በሽተኛ ትኩሳት ለጤነኛው ትጽፍለታለች።

ከዚህም ሌላ የገላ ሙቀት በየቦታው አንድ አይደለም፤ በፊንጢጣ የተለካው ከአፍ ከፍ ይላል፣ በብብት የተለካው ዝቅ ይላል። ትኩስ ሻይ የጠጣ ሰው በአፉ ሐሰተኛ ትኩሳት ያሳያል፣ ቀዝቃዛ ውሃ የጠጣ ወይም በአፉ የሚተነፍስ ደግሞ እውነተኛውን ትኩሳት ይሰውራል። ሰዓቱም ራሱ ይለዋውጠዋል፤ ጤነኛ ገላ ጎሕ ሳይቀድ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ማታ ከፍ ይላል። በ1960ዎቹ አሜሪካውያን ነርሶች ራሳቸው ባደረጉት ምርመራ፣ በአፍ የተደረገ የብርጭቆ ቴርሞሜትር ወደ ሙሉ ልኩ እስኪደርስ በልማድ ከሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ እጅግ የበለጠ ጊዜ እንደሚሻ ታየ። በ1992 ደግሞ በባልቲሞር 148 ጤነኞች ተለክተው አማካዩ 36.8 ሆኖ ሲገኝ፣ የቩንደርሊኽ ቍጥር እንኳ እንደ ቀኖና የማይነካ አለመሆኑ ተረጋገጠ።

የልኬቱ ድግግሞሽ ምን ያህል ነፍስ የሚያስጥል እንደሆነ ከአገራችን የታወቀ ምሳሌ አለ። ቅማል የሚያመጣው ግርሻ የተባለው ትኩሳት በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች በብዙ ትጋት የተጠና ሲሆን፣ በሽተኛው መድኃኒቱን ከወሰደ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ብርቱ ብርድ ብርድ ይይዘዋል፤ ሙቀቱ በድንገት ይወጣል፣ ቀጥሎም ሲወርድ የደም ግፊቱ አብሮት ይወርዳል፤ ለሞት የሚያሠጋውም ሰዓት ይኸው ነው። ጧትና ማታ ብቻ የሚለካ ሰው በሁለቱ ልኬቶች መካከል ያለፈውን ይህን ጭንቅ ሳያየው ይቀራል፤ በመዝገቡ ላይም ሰላም የሞላበት መስመር ይሠምራል።

ዛሬ ባዜቃው ራሱ በመርዛማነቱ ምክንያት እየተሰናበተ ነው፤ በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት የባዜቃ ቴርሞሜትር ከ2020 በኋላ እንዳይሠራ፣ ከውጭ እንዳይገባና ወደ ውጭም እንዳይላክ ወስኗል። በምትኩ የመጡት መሣሪያዎች፣ በጆሮና በግንባር የሚለኩት፣ የ20 ደቂቃውን ሥራ በጥቂት ሰከንድ ይጨርሱታል፤ ሆኖም በጆሮ የሚገባው ጫፍ ቢዘነበል፣ ወይም ግንባር በላብ ቢርስ፣ የሚሰጡት ቍጥር ያው ሐሰት ነው። እንግዲህ የነርሶችን ልኬት እናሻሽል የሚል ሁሉ፣ መሣሪያ ከመለወጡ በፊት፣ ለአንድ በሽተኛ ሁልጊዜ አንድ ዐይነት መሣሪያና አንድ ቦታ እንዲመረጥ፣ ትኩስ ወይም ቀዝቃዛ ከጠጣ በኋላ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ እንዲጠበቅ፣ ቦታውና ሰዓቱ ከቍጥሩ አጠገብ እንዲጻፍ፣ ከበሽተኛው መልክ ጋራ የማይስማማ ልኬትም እንዲደገም ሥርዐት ያድርግ፤ ከሁሉም በላይ ይህን ለመፈጸም የሚበቃ ጊዜና የሰው ኃይል ለነርሷ ይስጣት። የብርጭቆው ስሕተት በየዘመኑ በሊቃውንት ጥበብ ታርሟል፤ ከችኰላ የሚወለደው ስሕተት ግን የሚታረመው የሥራውን መጠን በሚወስነው በሹሙ እጅ ነው።