የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ በሻንቶና በወላይታ ገጠር

ሻንቶ በወላይታ ዞን የዳሞት ፑላሳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው ቀድሞ የዳሞት ጋሌ አካል ነበር። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ ቁጥር ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሲሆን፣ አብዛኛው የሚኖረው በገጠር፣ በጠባብ ይዞታ ላይ ነው። ማሳ ከማሳ በተያያዘበት በዚህ አገር ቆሻሻ የሚጣልበት ባዶ ቦታ አይገኝም። ከአንዱ ቤት ነፋስ የወሰደው ፌስታል የሚያርፈው ጎረቤት ጓሮ ውስጥ ነው።

ዳርኩዋና ሾቃ

በወላይታ ገጠር የሚበሰብስ ነገር ቆሻሻ ሆኖ አያውቅም። ገበሬው ቤቱን ተጠግቶ ያለውን ማሳ ዳርኩዋ፣ ራቅ ያለውን ሾቃ ይለዋል። ከብቶች እንደ ነባሩ ልማድ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ፤ ሲነጋ ሴቶች እበቱን ይጠርጋሉ። እበቱ፣ የምድጃው አመድ፣ ገለባውና የድንች ልጣጩ ተሰብስቦ እንሰቱ ሥር ይደፋል። ይህ በየዕለቱ፣ ከእናት ወደ ልጅ እየተላለፈ ስለሚሠራ የዳርኩዋ አፈር ጠቆር ያለና ልስልስ ነው። ጥቂት እርምጃ ወጣ ሲባል ሾቃው ይቀላል፤ አፈሩም ይሳሳል። የወላይታ ሴቶች በየማለዳው የሚሠሩት ይህ ሥራ፣ ዛሬ ከተሞች በብዙ ገንዘብ ሊያስጀምሩት የሚደክሙበት የብስባሽ ዝግጅት ነው፤ ሊከበርና ሊጠና ይገባዋል።

እንሰት ማሸጊያም ነው። ቅቤ በቅጠሉ ተጠቅልሎ ገበያ ይወጣል፤ ዳቦ በቅጠሉ ተሸፍኖ ይጋገራል፤ ከግንዱ የሚፋቀው ቃጫ ገመድ ይሆናል። ቅጠሉ አገልግሎቱን ሲጨርስ ከቤቱ ጓሮ ይወረወራል፤ ወይ ከብት ይበላዋል፣ ወይ አፈር ይሆናል። ቅቤውና ጨው ስኳሩ በፌስታል መቋጠር ሲጀምር የሰው እጅ የለመደውን አደረገ፤ ፌስታሉንም እንደ ቅጠል ጓሮ ጣለው። ስለዚህ የገጠሩን ሰው በግዴለሽነት መውቀስ ተገቢ አይደለም። ልማዱ ለቅጠል ትክክለኛ ነበር፤ የተለወጠው የሚጣለው ነገር ነው።

ጉዳቱ በቅርብ ይታያል። የምግብ ሽታ ያለበትን ፌስታል ላም ትውጠዋለች፤ ሆዷ ውስጥ ተጠቅልሎ ስለሚቀር የምትበላው መፈጨት ያቆማል፤ ላሟ እየከሳች ትሄዳለች። ዝናብ ጠርጎ የወሰደው ደግሞ በቦረቦር ወርዶ፣ ከምሥራቁ ተዳፋት በብላቴ ወንዝ ወደ አባያ ሐይቅ፣ ከምዕራቡ ወደ ኦሞ ይጓዛል። እርጥብ እንጨት አልያዝ ሲል ፌስታል ለኩሶ ማቀጣጠልም የተለመደ ነው። ጥቁሩን ጭስ የሚተነፍሱት ምድጃው ላይ ያጎነበሰችው እናትና ጀርባዋ ላይ ያዘለችው ሕፃን ናቸው።

ዳግም አጠቃቀም

ገጠሩ ያገኘውን ዕቃ ቶሎ አይጥልም። በመንገድ ዳር ያሉ ልጆች የሚያልፍ መኪና ሲያዩ «ሃይላንድ!» እያሉ ይሮጣሉ፤ ስሙ ከአንድ የታሸገ ውኃ ምርት መጥቶ የባዶ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። ሃይላንዱ ውኃ፣ ወተት፣ ዘይት ወይም ነጭ ጋዝ ይያዝበታል። ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ ወደ ወላይታ በስፋት የገባው በ1962 ዓ.ም. ከተቋቋመው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት (ዋዱ) ጊዜ ጀምሮ ነው። ዛሬ «ማዳበሪያ» ሲባል ጆንያው ራሱ ማለት እስኪሆን ድረስ ከረጢቱ እህል ይጫንበታል፣ በርበሬ ይሰጣበታል። የተሰነጠቀ ጀሪካን በጋለ ብረት ይደፈናል፤ መደፈን ሲያቅተው ለሁለት ተቆርጦ የከብት ማጠጫ ይሆናል። አሮጌ ጎማ በረባሶ ሆኖ ይጫማል።

ከዚህ ሁሉ ፈጽሞ መለየት ያለበት የፀረ ተባይ መድኃኒት ዕቃ ነው። ታጥቦ ንጹሕ ቢመስልም መርዙ ፕላስቲኩ ውስጥ ስለሚሰርግ ውኃም ሆነ ዘይት ሊያዝበት አይገባም። ያለቀ ባትሪ ድንጋይም ልጆች እየቀጠቀጡ እንዲጫወቱበት መተው የለበትም።

ሕግና የጤና ሥራ

በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ከነበሩት 16 ፓኬጆች አንዱ የደረቅና ፍሳሽ ቆሻሻ አወጋገድ ነው። በየቀበሌው የተመደቡት ሠራተኞች፣ በአብዛኛው የአካባቢው ተወላጅ ሴቶች፣ ቤት ለቤት እየዞሩ መጸዳጃ ቤትና የቆሻሻ ጉድጓድ አስቆፍረዋል። ጉድጓዱ ለገጠር ንጽሕና ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም የሚበሰብሰውና የማይበሰብሰው አንድ ላይ ከገባ ለዳርኩዋው የሚሆነው ነገር ይባክናል፤ ፕላስቲኩም እዚያው ይቃጠላል።

የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረታቸው 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆኑ ፌስታሎች እንዳይመረቱና እንዳይገቡ ከልክሏል። ክልከላው ገበያው ላይ እምብዛም አልታየም፤ ስሱ ፌስታል እየተሸጠ ቀጠለ። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል ጠንከር ያለ አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ሩዋንዳ ይህን ያደረገችው በ2000 ዓ.ም.፣ ኬንያ በ2009 ዓ.ም. ነው።

መልሶ መጠቀምና የመንገዱ ርቀት

በአዲስ አበባ ቆራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ የሚገዛው ብረትና ቆርቆሮ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ደርሶ ምድጃና መጥበሻ ይሆናል። የተረፈው ቆሻሻ ቆሼ በሚባለው መጣያ ይከመራል፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከወላይታ ሶዶ እስከ አዲስ አበባ ግን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከገጠር ቀበሌ ደግሞ መጀመሪያ ሶዶ መድረስ ያስፈልጋል። ብረት ከባድ ስለሆነ የመኪናውን ኪራይ ይሸፍናል። ሃይላንድ የሞላ መኪና ግን የሚጭነው አብዛኛውን አየር ነው። ካልተጨፈለቀና ከብዙ ቀበሌ ካልተሰበሰበ ዋጋው መንገድ ላይ ያልቃል።

መንገዱ ግን ለአንድ ዕቃ ተከፍቷል። የለስላሳና የቢራ ጠርሙስ የትም ገጠር ቢሄድ ይመለሳል፤ ምክንያቱም መያዣ አለበት፤ ባለሱቁ ባዶውን ካላስረከበ ሙሉውን አያገኝም። ሳጥኑን ያመጣው መኪናም ባዶ ከሚመለስ ባዶ ጠርሙስ ጭኖ ይመለሳል። የ1999ኙ አዋጅ አምራቹና አስመጪው የራሳቸውን ጠርሙስና ጣሳ የሚሰበስቡበት ሥርዓት እንዲዘረጉ ሲያዝ የተከተለው ይህንኑ መንገድ ነው። ለሃይላንድም ጥቂት ሳንቲም መያዣ ቢታሰብ፣ በገበያ ቀን ልጆች ለቅመው ለባለሱቁ ያስረክቡት ነበር። አሁን ግን ለሻንቶ ገበያ ለስላሳ ያመጣው መኪና ሲመለስ ጠርሙሱ ይጫናል፤ ከጎኑ የተሸጠው የውኃ ፕላስቲክ ሱቁ በር ላይ ይቀራል።