ልጅ ያሳደገች አያት ፍርድ ቤት ብትቀርብ ትሰማለች?

ወንድሜና ባለቤቱ ከአገር ሲወጡ ልጃቸው ሁለት ዓመት ተኩሏ ነበር። «እስክንደላደል ድረስ» ብለው አዲስ አበባ እናቴ ዘንድ ትተዋት ሄዱ። አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ወላጆቿ እዚህ ናይሮቢ ተለያዩ። የልጅቷ እናት በወንድሟ በኩል አዲስ አበባ ክስ ከፈተችና አንድ ቀን እናቴ በር ላይ «ልጅቷን አስረክቡ» የሚሉ ሰዎች መጡ። እናቴ ደውላ «እኔ ምንም መብት የለኝም ማለት ነው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ጠይቄ የተረዳሁትን በተመሳሳይ ጭንቅ ላይ ላላችሁ እጽፍላችኋለሁ። የአባትየው እህት ስለሆንኩ ገለልተኛ ነኝ አልልም።

አዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው፤ ልጁ ባሕር ዳር ወይም ጅማ ካለ የዚያን ክልል ሕግ ጠይቁ። በአዋጁ አንቀጽ 113 መሠረት በፍቺ ጊዜ ልጁ ከማን ጋር ይኑር የሚለው የሚመዘነው በአባትና በእናት መካከል ነው። አያት አልተጠቀሰችም። ሕጉ አያቶችን የሚያስቀድመው ወላጆች በሌሉበት፣ እነሱ የሾሙት ሰውም ከሌለ ነው። ስለዚህ አያት «መብቴ ነው» ብላ ብቻ ብትቀርብ ብዙ አትራመድም።

መንገዱ ያለው በልጁ ጥቅም በኩል ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ፍርድ ቤቶች ሕፃናትን በሚመለከት ውሳኔ ሲሰጡ የልጁን ደኅንነት በቀደምትነት እንዲያስቡ ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632፣ በ2000 ዓ.ም. ይህንን መሠረት አድርጎ ልጅን ያሳደገች አክስት ከወላጅ አባት ጋር ተከራክራ ልጁ ከእሷ ጋር እንዲቆይ ወስኗል። አባት በሕይወት እያለ ማለት ነው! የሰበር የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ ቁጥሩን ጻፉትና ለጠበቃችሁ ስጡ።

ጊዜ ላይ ግን አትዘናጉ። ክርክሩ በወላጆች መካከል እየተካሄደ ከሆነ አያት ከፍርድ በፊት በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 41 «ጣልቃ ልግባ» ብላ ማመልከት ትችላለች። ሳትሰማ ፍርድ ከተሰጠም በቁጥር 358 መቃወሚያ አለ፤ እሱም ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት መቅረብ አለበት። ልጁ ከተወሰደ በኋላ መሯሯጥ ሌላ ጣጣ ነው።

በነገራችን ላይ በሕጉ ቋንቋ ልጁን በአካል የሚጠብቀው «አሳዳሪ»፣ በገንዘብና በንብረቱ ጉዳይ የሚወክለው «ሞግዚት» ይባላል። እኛ ሞግዚት የምንለው ተቀጥራ ልጅ የምትይዘዋን ስለሆነ አቤቱታ ሲጻፍ እንዳይምታታባችሁ።

ማስረጃውን እናቴ ከሳጥን ውስጥ አውጥታ ስታሳየኝ ገረመኝ። የክትባት ካርድ፣ ወላጅ በሚፈርምበት ቦታ ሁሉ የእሷ ፊርማ ያለበት ሪፖርት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝ፣ ልጅቷ ታማ የተኛችበት የሆስፒታል ወረቀት። ጎረቤትና አስተማሪም ይመሰክራሉ። ወንድሜ ገንዘብ የላከበት ደረሰኝም አለ። የእናትየውንም አንደብቅም፣ ልካለች። ሌላውን ወገን ማጥላላት የሚጠቅም አይመስለኝም፤ ልጅቷ እናቷን በስልክ ታገኛለች፣ ያም እንዲቀጥል በማመልከቻው ላይ አስጽፈናል።

እዚህ ያላችሁ ወላጆች ከተስማማችሁ የተሻለው መንገድ በሽማግሌም ሆነ በጠበቃ ስምምነቱን ጽፋችሁ ፍርድ ቤት እንዲያጸድቀው ማድረግ ነው። ውክልና ለመስጠት ኤምባሲ ከመሄዳችሁ በፊት ግን አማክሩ፤ ስደተኛ ከሸሸው መንግሥት አገልግሎት ሲጠይቅ በጉዳዩ ላይ ጥያቄ ሊያስነሳበት ይችላል። ናይሮቢ ኪቱኦ ቻ ሼሪያና አር ሲ ኬ ለስደተኞች የሕግ ምክር ይሰጣሉ። አያት በራሷ ስም ለማመልከት የልጇ ውክልና አያስፈልጋትም። አዲስ አበባ ጠበቃ መቅጠር ላልቻለች ሴት የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ ድጋፍ ያደርጋል።

የእናቴ ማመልከቻ ገብቷል። ከፍርድ ቤቱ የተላከች የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ቤት መጥታ ልጅቷን ለብቻዋ አነጋግራለች። ምን እንዳለቻት አልጠየቅናትም።